የልጅ ቀለብና ሥራ ያጣ አባት

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት የሁለት ልጆች እናት ምክር ፍለጋ ወደ ቁምስናችን ሽማግሌዎች መጣች። ከባለቤቷ ጋር ከተለያዩ ሁለት ዓመት አልፏቸዋል። ፍርድ ቤቱ አባትየው በየወሩ ለልጆቹ ቀለብ እንዲሰጥ ወስኖ ነበር፤ እርሱ ግን የመጀመሪያዎቹን አራት ወራት ከፍሎ አቋረጠ። እርሷ እንጀራ እየጋገረች ለምግብ ቤቶች በማቅረብ ልጆቹን ታሳድጋለች። ጥያቄዋ አጭር ነበር፦ አፈጻጸም ልክፈትበት ወይስ ልተወው? ከሽማግሌዎቹ አንዱ የነበርሁት እኔ ብዙም ሳላመነታ፣ «ክፈችበት፤ የወለደ ያሳድግ» አልኋት። ሰውየው በቀን ሥራ የሚተዳደር ግንበኛ ነበረ። ይሠራበት የነበረው ሕንፃ ቆሞ ሥራ ፈትቶ በተቀመጠበት ሰሞን መጥሪያው ደረሰው፤ በሳምንቱ ከተማውን ለቅቆ ሄደ። ልጆቹ ቀለቡን ብቻ ሳይሆን አባታቸውንም አጡ። እናትየው ኋላ ስታገኘኝ አልወቀሰችኝም። «ቢያንስ እሑድ እሑድ ይመጣ ነበር» ብቻ አለችኝ።

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ያ ንግግሯ ነው። የሰጠኋት ምክር ከሕግ አንጻር ስሕተት አልነበረም። ሆኖም አንድ ያልጠየቅሁት ጥያቄ እንደነበረ ዘግይቶ ታወቀኝ፤ ይኸውም ሊከፍል የሚገባው፣ ነገር ግን የሚከፍለው የሌለው ሰው ግዴታው ምን ይሆናል? እኛስ ለእርሱ አንዳች ነገር አለብን ወይስ የለብንም?

በቅድሚያ ቀለብ ምን እንደሆነ እንመልከት። በልማድ አነጋገራችን «ቀለብ ተቆረጠበት» እንላለን፤ ልክ ቅጣት እንደተቆረጠበት ሰው። አነጋገሩ ራሱ ያሳስተናል። ቀለብ ለአባት ቅጣት፣ ለእናትም ካሣ አይደለም፤ የልጁ ነው። ልጅ ደግሞ እንደ ሌላ ገንዘብ ጠያቂ አበዳሪ አይደለም። አበዳሪ ተበዳሪውን መርጦ፣ የሚደርስበትንም ጉዳት መዝኖ ያበድራል። ልጅ ግን አባቱን አልመረጠም፣ ውልም አልተዋዋለም፤ በመወለዱ ብቻ የሚገባውን ይጠይቃል። ስለዚህ ቀለብ ከሌላ ዕዳ ሁሉ ይቀድማል። ከዚሁ ባሕርይው ሌላም ነገር ይከተላል። ተበዳሪው የጠፋበት አበዳሪ የሚያጣው ገንዘቡን ነው፤ ባለ ዕዳው የጠፋበት ልጅ ግን ከገንዘብ የሚበልጥ ነገር ያጣል። ዕዳውን እናስከፍላለን ብለን ባለ ዕዳውን ካጠፋነው፣ ለልጁ ምን አደረግንለት?

የአገራችን ሕግ ይህን ሳይረሳው አልቀረም። የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ የቀለብ መጠን የሚወሰነው የተቀባዩን ችግርና የሰጪውን አቅም በማመዛዘን እንደሆነ ይደነግጋል፤ ሁኔታ ሲለወጥም ውሳኔው እንዲሻሻል መጠየቅ ይቻላል። ችግሩ ያለው ሕጉ ከወጣ በኋላ ባለው መንገድ ላይ ነው። ደመወዝተኛ ከሆነ መሥሪያ ቤቱ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ከወር ደመወዙ ቀንሶ ያስተላልፋል። የቀን ሠራተኛውን፣ ተሸካሚውን፣ የጎዳና ነጋዴውንስ ከምን መዝገብ ላይ ይቀንሱታል? ሥራ ያጣው ሰው ደግሞ ውሳኔው እንዲሻሻልለት ማመልከት እንደሚችል ስንኳ አያውቅም። ቢያውቅም ወደ ፍርድ ቤት መሄድ ራሱን አሳልፎ መስጠት ይመስለዋል።

ቅዱስ ቶማስ አኲናስ በ13ኛው መቶ ዘመን ስለ ፍትሕ በጻፈው ትምህርቱ፣ የሰው ገንዘብ ያለበት ሰው መመለስ ባይችልስ የሚለውን ጥያቄ አንሥቶ ነበር። መልሱ በሁለት ወገን የተሳለ ነው። በአንድ በኩል አለመቻሉ ራሱ ወዲያው ከመመለስ ግዴታ ነጻ ያደርገዋል፤ ማንም ሰው በማይቻል ነገር አይገደድምና። በሌላ በኩል ግን ዝም ብሎ እንዲቀመጥ አልፈቀደለትም፤ በራሱ ወይም በሌላ ሰው አማካይነት ባለ ገንዘቡን ምሕረት ወይም የጊዜ ፋታ የመጠየቅ ግዴታ አለበት ይላል። እንግዲህ ድህነት ግዴታን አያጠፋም፤ መልኩን ይለውጠዋል። መክፈል ያልቻለ አባት መቅረብ፣ ያለበትን ሁኔታ ሳይደብቅ መናገርና ሥራ መፈለግ አለበት ማለት ነው። ያ ግንበኛ የበደለው ባለመክፈሉ ሳይሆን በመጥፋቱ ነው ብዬ አስባለሁ። ነገር ግን ሊቁ «በሌላ ሰው አማካይነት» ያለውን ባሰብሁ ቁጥር ያፍረኛል። ያ ሌላ ሰው መሆን የነበረብኝ እኔ ነበርሁ። እናትየውን ከማማከሬ በፊት አንድ ቀን እንኳ እርሱን ፈልጌ «ሥራ አለህ ወይ?» ብዬ አልጠየቅሁትም።

በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 18 ላይ ያለውን የክፉውን አገልጋይ ምሳሌ ሁላችንም ለልጆች አስተምረነዋል። ባልንጀራው ዕዳውን እስኪከፍል ድረስ ወህኒ አስገባው። ብዙ ጊዜ የምናተኩረው በአገልጋዩ ጭካኔ ላይ ነው፤ አንድ ነገር ግን ሳናስተውል እናልፋለን። ወህኒ የተቀመጠ ሰው ከየት አምጥቶ ይከፍላል? ያ ፍርድ ጨካኝ ብቻ ሳይሆን ሞኝነትም ነበረበት።

ይህን ነገር በሰፊው ሞክረው ካዩት አገሮች አንዷ አሜሪካ ስለሆነች፣ የእርሷን ታሪክ ጥቂት ዘርዘር አድርጌ ላቅርብ። ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባት አገር በመሆኗም ነገሩ ለእኛ ባዕድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1975 ፕሬዚዳንት ጄራልድ ፎርድ በፈረሙት ሕግ የልጅ ቀለብን የሚያስፈጽም፣ የፌዴራሉ መንግሥትና ክፍላተ ሀገሩ በጋራ የሚያካሂዱት መዋቅር ተቋቋመ። ከዓላማዎቹ አንዱ መንግሥት ለድሆች እናቶች የሚሰጠውን ድጎማ ከአባቶች ማስመለስ ነበር። በዚህም የተነሣ እናትየው ድጎማ የምትቀበል ከሆነ፣ አባትየው ከከፈለው ብዙው ወይም ሁሉም ለልጁ ሳይሆን ለመንግሥት ገቢ ይሆን ነበር፤ በብዙ ቦታ ዛሬም እንዲሁ ነው። ከፍሎ ሲያበቃ ልጁን በአሮጌ ጫማ የሚያይ አባት ምን እንደሚሰማው መገመት አያዳግትም።

ከዚያ በኋላ ሕጉ እየጠነከረ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣው ማሻሻያ፣ አንድ ጊዜ የተወዘፈ ቀለብ ወደ ኋላ ተመልሶ በዳኛ እንዳይቀነስ ከለከለ። ዳኛው መጠኑን ሊያሻሽል የሚችለው ማመልከቻው ቀርቦ ለሌላው ወገን ከተነገረበት ቀን ወዲህ ላለው ጊዜ ብቻ ነው። የሕጉ አሳቢዎች ከክፍላተ ሀገር ወደ ክፍላተ ሀገር እየተሰደዱ ዕዳቸውን የሚያስሰርዙትን ማቆም ፈልገው ነበር፤ ተገቢም ነው። ነገር ግን ታሞ የተኛውም፣ የታሰረውም፣ ማመልከት እንዳለበት ያላወቀውም በዚያው መረብ ተያዘ። እ.ኤ.አ. በ1996 ደግሞ ቀለብ ያልከፈለ ሰው መንጃ ፈቃዱና የሙያ ፈቃዱ እንዲታገድ የሚያስችል ሕግ እያንዳንዱ ክፍለ ሀገር እንዲያወጣ ተደነገገ። ዕዳው ከ2,500 ዶላር ከበለጠ የአሜሪካ ፓስፖርትም አይሰጠውም። በዋሽንግተንና በአካባቢዋ ታክሲ እየነዱ ኑሮአቸውን የሚገፉ ወገኖቻችን ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቁታል። መንጃ ፈቃዱ የታገደበት ታክሲ ነጂ ዕዳውን የሚከፍልበት መሣሪያ ተወሰደበት ማለት ነው፤ ዜግነት የለወጠውም ለእናቱ ቀብር መምጣት አይችልም።

በእርግጥ እነዚህ እርምጃዎች ያላቸውንና የደበቁትን ሰዎች አስከፍለዋል፤ በዚህ ብዙ እናቶች ተጠቅመዋል። የሌላቸው ዘንድ ግን ሌላ ውጤት ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2007 በዘጠኝ ትልልቅ ክፍላተ ሀገር ላይ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው፣ ከተወዘፈው ቀለብ 70 በመቶው የሚፈለገው የዓመት ገቢያቸው ከ10,000 ዶላር የማይበልጥ ወይም ምንም የተመዘገበ ገቢ ከሌላቸው ሰዎች ላይ ነበር። በመላ አገሪቱ የተወዘፈው ገንዘብ ከ100 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው። የዚህ አብዛኛው ክፍል በወረቀት ላይ ብቻ ያለ ገንዘብ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2011 በጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው የታየው የተርነርና የሮጀርስ ክርክር ነገሩን ግልጽ አደረገው። በሳውዝ ካሮላይና የሚኖረው ሚካኤል ተርነር በየሳምንቱ 51 ዶላር ከ73 ሳንቲም እንዲከፍል ተወስኖበት ነበር። ውዝፉ ከ5,700 ዶላር በላይ ሲደርስ ጠበቃ ሳይኖረው ቀርቦ፣ ዳኛውም መክፈል ይችል እንደሆነ ሳያረጋግጥ፣ 12 ወር ታሰረ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግዛቱ የግድ ጠበቃ ማቆም አለበት ባይልም፣ አንድን ሰው በቀለብ ምክንያት ከማሰር በፊት የመክፈል አቅም እንዳለው በአግባቡ መመርመር እንደሚያስፈልግ ወሰነ። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው የፌዴራል ደንብም፣ የሚቆረጠው ቀለብ በትክክለኛው የመክፈል አቅም ላይ እንዲመሠረትና መታሰር «በፈቃድ ሥራ እንደ መተው» እንዳይቆጠር አዘዘ። ቀድሞ በአንዳንድ ክፍላተ ሀገር እስረኛው በገዛ ፈቃዱ ሥራ እንደ ፈታ ተቆጥሮ ዕዳው ወህኒ ውስጥ እያለ ይቆጠርበት ነበር።

ከማስገደዱ ጎን ለጎን ሥራ የማስገኘቱ ሐሳብም ተሞክሮአል። እ.ኤ.አ. በ1988 በወጣ ሕግ መነሻነት በ1990ዎቹ በሰባት ከተሞች አንድ ሙከራ ተካሂዶ ነበር። ቀለብ ያልከፈሉ ሥራ ፈት አባቶች ወደ እስር በመላክ ፋንታ ሥራ ፍለጋና ሥልጠና፣ ከሌሎች አባቶችም ጋር ውይይት እንዲያገኙ፣ በዚያም ጊዜ የቀለቡ መጠን ዝቅ እንዲልላቸው ተደረገ። ውጤቱን ሳላጋንን ላቅርብ። በጠቅላላው ሲታይ የአባቶቹ ገቢ ያን ያህል አላደገም፤ የተጠቀሙት ከሁሉም ይልቅ ችግረኛ የነበሩት፣ በራሳቸው ሥራ ማግኘት ያልቻሉት ናቸው። ከዚህ ሁሉ ግን እኔን የሳበኝ ሌላ ነገር ነው። ባለሥልጣኖቹ አባቶቹን ለፕሮግራሙ መርጠው ሲጠሩ፣ ገና ሥልጠናው ሳይጀመር ብዙዎቹ ሳያስመዘግቡ የሚሠሩት ሥራ እንዳላቸው ተገለጠ፤ በየቀኑ ለሥልጠና ና የተባለ ሰው «ሥራ አለብኝ» ከማለት በቀር ማምለጫ የለውምና። ሌሎቹ ደግሞ በሕመም ወይም በእስራት ምክንያት ፈጽሞ መክፈል የማይችሉ ሆነው ተገኙ።

ይህ ለሥነ ምግባር ጥያቄአችን ትልቅ ብርሃን ይሰጣል። ብዙ ሰዎች «አልችልም» የሚለውን ከሰማን ሁሉም አልችልም ይላል ብለው ይፈራሉ። ፍርሃቱ መሠረተ ቢስ አይደለም። ነገር ግን የማይችለውን ከማይፈልገው የሚለየው ከሁሉ የተሻለው መንገድ ሥራ አቅርቦ ማየት ነው። የሚያስፈራራ ሰው ሁለቱንም በአንድነት ያሸሻል፤ ሥራ ይዞ የሚቀርብ ሰው ግን አንዱን ያስቀራል፣ ሌላውንም ያጋልጣል።

እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ በቴክሳስ የሚሠራበት ዘዴም በዚህ ሐሳብ ላይ የቆመ ነው። ዳኛው አባትየው በሥራ ፍለጋ ፕሮግራም እንዲሳተፍ ያዝዛል፤ የሥራ ፈላጊዎች ባልደረባም እዚያው ተቀብሎ ይመዘግበዋል። የተሳተፉት ካልተሳተፉት ይልቅ አዘውትረው መክፈላቸው በጥናት ታይቷል። በሌላ በኩል ከ2012 ጀምሮ በስምንት ክፍላተ ሀገር የተደረገው ሰፊ ሙከራ፣ አባቶች በቀለብ አስፈጻሚው ላይ ያላቸው ቅሬታ እንዲቀንስ ቢያደርግም የሚከፈለውን ገንዘብ አላሳደገም። ስለዚህ ነገሩ መድኃኒተ ሁሉ ነው አልልም። ሆኖም ከብዙ ክርክር በኋላ በታኅሣሥ 2024 (እ.ኤ.አ.) የወጣ ደንብ፣ የፈለጉ ክፍላተ ሀገር ልጁን ለማያሳድገው ወላጅ ሥራ ለማስገኘት ለሚያወጡት ወጪ ከፌዴራሉ የቀለብ በጀት 66 በመቶ እንዲያገኙ ፈቀደ። ሥራ ማስገኘት የቀለብ ማስፈጸም አንዱ ክፍል መሆኑን ለማመን ሃምሳ ዓመት ያህል ፈጀባቸው።

ይህን ሐሳብ በአንድ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ስብሰባ ላይ ባቀረብሁ ጊዜ፣ ራሷ ሦስት ልጆች ብቻዋን የምታሳድግ አንዲት መምህርት ተነሥታ፣ «ልጅ ታቅፌ ሥራ የምፈልገው እኔ፤ ሥራ የሚፈለግለት ግን እርሱ ነው?» አለችኝ። አዳራሹ ጸጥ አለ። እኔም ወዲያው የምመልሰው አልነበረኝም።

ጥያቄዋ እውነተኛ ነው። እናትየው «ሥራ የለኝም» ብላ ከልጆቿ ፊት መጥፋት አትችልም፤ ልጁ ማታ እራት ይጠይቃታል። የአባትየው ድህነት ፍታት ሲያስገኝለት የእርሷ ድህነት ማንንም አያስደንቅም። ለዚህ ሙሉ መልስ አለኝ አልልም። የማምነው ግን ይህን ነው፦ ለአባትየው ሥራ የምንፈልገው ለእርሱ ስለሚገባው ሳይሆን ለልጁ ስለሚገባው ነው። እርዳታውም ከእርሷ ተቀንሶ ለእርሱ የሚሰጥ ሊሆን አይገባም። በአንድ ቁምስና አንድ የሥራ ቦታ ብቻ ቢገኝና ሁለቱም ቢፈልጉት፣ ልጆቹ እጅ ላይ ላለችው ይሰጥ እላለሁ። ለአባትየው በተገኘው ሥራም ደመወዙ በተከፈለበት ዕለት የልጁ ድርሻ ወደ እናትየው እንዲደርስ አስቀድሞ መስማማት አለበት፤ እርሱ ጨርሶ የተረፈው አይደለም። ደግሞም ሚስቱን ሲደበድብ የኖረን ሰው፣ ከፈለ ተብሎ ወደ ቤቷ በር መመለስ አይገባም። ገንዘቡ በሌላ ሰው እጅ ይደርሳል።

(«አባት» እያልሁ ብጽፍም ልጇን ለአያት ትታ ወደ ዓረብ አገር የሄደች፣ ደመወዟን ተከልክላ መላክ ያቃታት እናትም በዚሁ ጥያቄ ውስጥ አለች። እርሷን የምንፈርድባት ከእርሱ ይልቅ አጥብቀን መሆኑ ሌላ ጽሑፍ ይፈልጋል።)

በእኛ አገር እንደ ቴክሳሱ ያለ ከፍርድ ቤት ጋር የተያያዘ አሠራር የለም። እስኪኖር ድረስ እጃችንን አጣጥፈን የምንቀመጥበት ምክንያት ግን አይታየኝም። በከተሞቻችን ብዙ ሥራ የሚገኘው ሰው በሰው ነው። ለጥበቃ፣ ለሾፌርነት፣ ለገንዘብ ያዥነት የሚቀጠር ሰው ዋስ አምጣ ይባላል። ትዳሩ ፈርሶ፣ ከቤተሰቡ ተለይቶ፣ በደባልነት የሚኖር ሰው መታወቂያውን ለማሳደስ እንኳ ይቸገራል፤ ማን ዋስ ይሆነዋል? ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ እ.ኤ.አ. በ1981 ስለ ሥራ በጻፉት መልእክት፣ ከቀጣሪው ሌላ ሥራ የሚገኝበትን ሁኔታ የሚወስኑ ሁሉ የተዘዋዋሪ ቀጣሪነት ኃላፊነት እንዳለባቸው አስተምረዋል። በእኛ ሁኔታ ዋስ የሚሆነው ሰው ከእነዚያ አንዱ ይመስለኛል። ዋስነት ደግሞ ቀላል ቃል አይደለም፤ ሰውየው ቢያጎድል የሚከፍለው ዋሱ ነው። ምጽዋት ሰጥቶ ከመሄድ ይከብዳል።

ባለፈው ዓመት ሌላ ጉዳይ መጣልን። ሰውየው በያጅ ነበር፤ ዓይኑ ስለተጎዳ ሙያውን ተወ፣ ቀለቡንም ሰባት ወር አልከፈለም። በዚህ ጊዜ አስቀድመን እርሱን ፈለግነው። ተማክረንም ከሽማግሌዎቹ አንዱ ዋስ ሆኖት በአንድ መጋዘን ጥበቃ ተቀጠረ፤ የቀለቡም መጠን ከአቅሙ ጋር እንዲመዛዘን ማመልከቻ አጻፍንለት። ከዚያ ወዲህ ባሉት ስምንት ወራት አምስቱን ሙሉ፣ ሁለቱን በግማሽ ከፍሏል፤ አንዱን ወር ምንም አላመጣም። ዋስ የሆነው ወንድማችን ሌሊት እንቅልፍ እንደሚያጣ ነግሮኛል። እናትየውም ደስተኛ አይደለችም። «ሙሉውን ነው የምፈልገው፤ የልጄ የትምህርት ቤት ክፍያ በግማሽ አይከፈልም» ትላለች፤ እውነቷን ነው። የግንበኛው ወሬ እስከ ዛሬ አልተሰማም። በያጁንና እናትየውን ግን ስለ ጎደለው ወር እንድንነጋገር በሚቀጥለው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሁለቱንም ቀጥረናቸዋል።